በፍሎረንስ ዙሪያ የቅንጦት ቪላ ኪራይ

የጣሊያኗን ፍሎረንስ ከበው የተቀመጡት ኮረብቶች በወይራ፣ በወይን ተክልና በረጃጅም የፈረንጅ ጽድ የተሸፈኑ ናቸው። በመሃል በመሃሉ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ብቅ ብቅ ይላሉ። ዛሬ ብዙዎቹ መዋኛ ተሠርቶላቸው ለእረፍት በሳምንት የሚከራዩ የቅንጦት ቪላዎች ሆነዋል። የሚከራዩአቸው ብዙ ጊዜ ወጪውን የሚካፈሉ ትልልቅ ቤተሰቦች፣ ጓደኛሞችና ሰርግ ደጋሾች ናቸው። አንዳንዱ ቤት ከነምግብ አብሳዩ ይከራያል።

ከከተማ ወጥቶ ገጠር ማረፍን ያስለመዱት የፍሎረንስ ባለጸጎች ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባንክ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ካሬጂ፣ ወደ ፊየዞሌና ወደ ሌሎች ቪላዎቹ ይወጣ ነበር። የቤተሰቡ አለቃ የነበረው ሎሬንዞ ሜዲቺ በ1492 ሕይወቱ ያለፈው በካሬጂ ቪላው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኔስኮ በ2013 የቤተሰቡን 12 ቪላዎችና 2 የአትክልት ስፍራዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ቪላ ይባል እንጂ፣ ከሚከራዩት ብዙዎቹ የጌታ ቤት አልነበሩም። የገበሬ ቤት ነበሩ። ፍሎረንስ የምትገኝባት ክፍለ ሀገር ቶስካና ለዘመናት የኖረችው ጣሊያኖች ሜዛድሪያ በሚሉት ሥርዓት ነው። መሬቱም ቤቱም የባለርስቱ ነው። ገበሬው ከነቤተሰቡ እዚያው እየኖረ ያርሳል፤ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። የኛን አገር የእኩል አራሽ ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከብቶቹ ምድር ቤት ያድራሉ፣ ሰዎቹ ፎቅ ላይ ይተኛሉ። በብርድ ጊዜ የከብቶቹ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ በፎቶ የምናየው ባለ ቅስት ሰፊ ሳሎን ብዙ ጊዜ የበሬዎች ማደሪያ የነበረ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬዎቹ ወደ ፋብሪካ ሥራ ጎረፉ። በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የሜዛድሪያ ውል መፈራረምን ከለከለ። ባዶ የቀሩትን ቤቶች ከተሜ ጣሊያኖችና የውጭ አገር ሰዎች እየገዙ አደሱ። በ1985 ደግሞ ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ የሚያሳድርበትን ሥርዓት የሚደነግግ አገር አቀፍ ሕግ ወጣ። ይህ ታሪክ በኪራይ ማስታወቂያዎች ላይ እምብዛም አለመነሳቱ ያሳዝነኛል። ተከራዩ ገንዘብ የሚከፍልበት ውበት፣ እርከኑም፣ በመስመር የተተከለው ወይራም፣ የእነዚያ ቤተሰቦች የእጅ ሥራ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ርቀቱ ብዙ ነገር ይወስናል። ፊየዞሌ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የ7 ቁጥር አውቶቡስ ከፍሎረንስ ጋር ስለሚያገናኛት መኪና የግድ አይደለም። ከፍሎረንስ በስተደቡብ ባለው የወይን አገር፣ በኪያንቲ ውስጥ ግን ያለ መኪና መንቀሳቀስ ከባድ ነው። ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድም ብዙ ጊዜ ኮረኮንች ነው። መኪና ይዞ ፍሎረንስ መሃል መግባት ደግሞ ጣጣ አለው። አሮጌው ከተማ በተወሰኑ ሰዓታት ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው፣ በካሜራም ይጠበቃል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ መኪናውን ቪላ ኮስታንዛ በሚባለው ማቆሚያ ትቶ በትራም መግባት ይሻላል። ትራሙ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ በተጠራው በፍሎረንስ ጉባኤ ዘመን የሮማው ጳጳስ ያረፉበት ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደዚህ ጉባኤ መጥተው ነበር። ለሐበሻ እንግዳ ከትልልቆቹ ሙዚየሞች በፊት መታየት ያለበት ቦታ ይመስለኛል።

ርክክቡ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ለቅዳሜ ነው። ለኛ ዝናብ የሆኑት ጁላይና ኦገስት እዚያ ውዶቹ ወራት ናቸው። ከኪራዩ ሌላ ማስያዣ፣ የጽዳት፣ አንዳንዴም የማሞቂያ ሂሳብ ይጠየቃል። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች በየአዳሩ ከእያንዳንዱ እንግዳ የቱሪስት ቀረጥ ይሰበስባሉ። አየር ማቀዝቀዣ በሁሉም ቤት የለም፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው። አከራዩ የእንግዶቹን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት፣ ፓስፖርት ሲጠይቅ መደናገጥ አያስፈልግም። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ «ቺን» የሚባል ብሔራዊ መለያ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ ማሳየት አለበት። ቁጥሩ ከሌለ ቀብድ ባይከፈል ይመረጣል።

ጊዜ መምረጥ ለሚችል ሜይና ሴፕቴምበር ጥሩ ናቸው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ መዋኛው ይዘጋል፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ የወይራ ለቀማው ግን ይደምቃል። ከመጭመቂያው ወዲያው የወጣው አረንጓዴ ዘይት ጉሮሮ ለብለብ ያደርጋል። የቶስካና ሰው በተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሶ፣ ጨው ነስንሶ ይበላዋል።