የዱር እንጉዳይ፦ የሚበላውና መሳዩ

ክረምት ሲገባ እንጉዳይ በየሜዳው፣ በየዛፉ ሥርና በየኩይሳው ላይ ብቅ ብቅ ይላል። በብዙ ቤት "የጅብ ጥላ ነው፣ አትንካ!" ተብሎ ይታለፋል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በካፋ፣ በመዠንግርና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዱር እንጉዳይ ለቅሞ መብላት የቆየ ልማድ ነው።

ከሚለቀሙት ውስጥ ስመ ጥሩው ቴርሚቶማይሲስ ነው። ይህን ፈንገስ ምስጦች ራሳቸው ጎጇቸው ውስጥ ያለሙታል። መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ባርኔጣው መሃል ላይ ብዙውን ጊዜ ሾጠጥ ያለ ጉብታ አለው። ዋናው መለያው ግን ከመሬት በታች ነው፤ እግሩ ሥር መስሎ እየቀጠነ እስከ ምስጡ ጎጆ ይወርዳል። ጎትቶ የሚነቅል ሰው ይህን ምልክት አፈር ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ዙሪያውን በቢላዋ ቆፈር አድርጎ ማውጣት ይሻላል። በዛምቢያና በአካባቢዋ የሚገኘው የዚሁ ዘር ታላቅ ወንድም ባርኔጣው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል። እሱን እንኳ ከሌላ ጋር ማምታታት ይከብዳል።

የመቆፈር ነገር የሞት ሽረት የሚሆነው አማኒታ ፋሎይደስ በሚባለው ገዳይ እንጉዳይ ላይ ነው። አገሩ አውሮፓ ነው፤ ከባሉጥና ከሌሎች ዛፎች ሥር ጋር ተጉዞ ሰሜን አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ባርኔጣው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ነው፤ አንዳንዴም ወደ ነጭ ይጠጋል። ከሥሩ ያሉት ሽንሽኖች ነጭ ናቸው። እግሩ ላይ ቀለበት፣ ታች ደግሞ ነጭ ከረጢት አለው። ከረጢቱ አፈር ውስጥ ስለሚቀበር ከላይ የቆረጠ አያየውም። ገና ሳይፈነዳ እንቁላል የሚያህል ነጭ ድቡልቡል ነው፤ በዚያ ዕድሜው ፉፍ ከሚባለው ድቡልቡል የሚበላ እንጉዳይ ጋር ይምታታል። ከላይ ወደ ታች ለሁለት ይሰንጠቅ። ውስጡ እንደ አይብ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ ነጣ ካለ ፉፍ ሊሆን ይችላል። የባርኔጣና የእግር ቅርጽ ከታየበት ግን ይጣል።

መርዙ በመቀቀልም፣ በማድረቅም አይጠፋም። ደግሞ አይቸኩልም። ትውከቱና ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል። ከዚያ በሽተኛው የዳነ ይመስላል። ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ነው።

በዚህ መርዝ ከሚያዙት ውስጥ ስደተኞች ይገኙበታል። ምክንያቱ አለማወቅ ሳይሆን፣ አገራቸው ላይ በትክክል ያወቁት ነገር ሰው አገር መሳይ ስለሚኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን የገቡ በርካታ ስደተኞች በዚሁ እንጉዳይ ተመርዘው ሃኖቨር ሆስፒታል ገቡ። ሆስፒታሉም በአረብኛና በኩርድኛ ማስጠንቀቂያ አዘጋጀ። ከእስያ የሄዱ ሰዎችን የሚያሳስታቸው ደግሞ የሚበላው የገለባ እንጉዳይ ነው። እሱም ከረጢት አለው፤ ነገር ግን ቀለበት የለውም፤ ስፖሩም፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበት ብናኝ፣ ሮዝ እንጂ ነጭ አይደለም።

የስፖርን ቀለም ማየት ቀላል ነው። ባርኔጣው ከእግሩ ይቆረጥና ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጎ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ብርጭቆ ይደፋበትና ያድራል። ጠዋት ሲነሳ የሽንሽኑ ቅርጽ በብናኝ ታትሞ ይገኛል። የአማኒታ ነጭ ነው፤ የሱፐርማርኬቱ እንጉዳይ ዘመዶች ጥቁር ቡና ዓይነት። አሜሪካ ግቢ ሣር ላይ የሚበቅለው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ አረንጓዴማ ይጥላል። ይህኛው እጅግ ከሚጣፍጥ ባለ ጃንጥላ እንጉዳይ ጋር ስለሚመሳሰል በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰው ይመርዛል። ብዙም አይገድልም፤ ሆድን ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያምሳል።

አንዳንዱ ደግሞ በጣት ይለያል። መርዛማው አጋሪከስ ዛንቶደርመስ ከሜዳው የሚበላ እንጉዳይ ጋር አንድ ነው የሚመስለው። የእግሩ መጨረሻ በጥፍር ሲፋቅ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ሽታውም የሆስፒታል መድኃኒት ሽታ ነው።

አብሮ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ካልጠቆረ መርዝ የለውም፣ ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል የሚባለው ሁሉ ተረት ነው። ቀንድ አውጣ አማኒታን በልታ ምንም አትሆንም። የስልክ አፕም ቢሆን በአንድ ፎቶ ከረጢቱን አያይም፤ ሽታ አይሸትም። ስም ለመገመት ይረዳ ይሆናል፣ ምሳ ለመወሰን ግን አይበቃም።

ልምድ ያላቸው ለቃሚዎች ከሚበሉት ውስጥ አንድ ሙሉ ጥሬ እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ያስቀምጣሉ። ላስቲክ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። የበላ ሰው ካመመው ያ እንጉዳይ አብሮት ሐኪም ቤት ይሄዳል።