ክሎሪን ያቃተውን የሚሰብር፦ የላቀ ኦክሲዴሽን

ውኃ ኩልል ብሎ እየታየም ብክል ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት ቅሪት፣ የፀረ ተባይ ርዝራዥና የፋብሪካ ማሟሚያ ለዓይን አይታዩም። ክሎሪን ጀርም ቢገድልም አብዛኞቹን እነዚህን አይነካቸውም። በፍሳሽ ማጣሪያ ያሉ ባክቴሪያዎችም በልተው አይጨርሷቸውም። የላቀ ኦክሲዴሽን (በካይን ኤሌክትሮን በመንጠቅ ማፍረስ) የሚባሉት ዘዴዎች የመጡት ለእንዲህ ያለው እልኸኛ ቆሻሻ ነው።

ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ ዋናው ሠራተኛ ግን አንድ ነው፤ ሃይድሮክሲል ራዲካል፣ የአንድ ኦክስጅንና የአንድ ሃይድሮጅን ጥምር። ኤሌክትሮን ስለሚጎድለው ካገኘው ሞለኪውል ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም ይፈርሳል። ነገሩ እስከ ዳር ከዘለቀ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ጨው ነው። ኤሌክትሮን የመንጠቅ ኃይሉ (የኦክሲዴሽን አቅሙ) 2.8 ቮልት ገደማ ነው፤ የኦዞን 2.07፣ የክሎሪን 1.36። ዕድሜው ግን ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጥራል። በበርሜል ተጭኖ አይመጣም፤ እዚያው ውኃው ውስጥ መፈጠር አለበት።

ጥንታዊው መንገድ የፌንተን ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ታርታሪክ አሲድን እንደሚያፈርሱ በ1894 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ይህ ዘዴ በጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ 3 ይወርዳል፣ የብረት ሰልፌት ይጨመራል፣ ከዚያ ፐርኦክሳይዱ ይከተላል። ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻ አሲዱን ለማብረድ ኖራ ወይም ሶዳ ሲገባ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ ከታች ይተኛል። የዘዴው ዕዳ ይኼው ዝቃጭ ነው፤ ተሰብስቦ መወገድ አለበት።

ፐርኦክሳይድን በአልትራቫዮሌት ብርሃን መሰንጠቅ ዝቃጭ አያመጣም፤ መብራት ግን ይበላል። ኦዞንም ከፐርኦክሳይድ ጋር ይሠራል። ውኃው ብሮማይድ ካለበት ኦዞኑ ወደ ጎጂው ብሮሜት ስለሚቀይረው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለብሮሜት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ራዲካሉ አይመርጥም። ጉልበቱም ድካሙም እዚህ ላይ ነው። ውኃው ባይካርቦኔት ወይም የበሰበሰ ቅጠል ቅሪት ከበዛበት ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ ተፈላጊው በካይ ሳይነካ ያልፋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚገባው። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን ጣቢያ እንውሰድ። የከተማ ፍሳሽ አስቀድሞ ይታከማል፣ በረቂቅ ማጣሪያ ያልፋል፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በስስ ገለፈት ማሳለፍ) ይጠራል። አልትራቫዮሌቱና ፐርኦክሳይዱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኢላማቸው ኤንዲኤምኤና ዳይኦክሴን የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ከማጣሪያው ሾልከው ያልፋሉ። ውኃው ከዚያ የከርሰ ምድር ክምችቱን ይሞላል፤ ለመጠጥም ይውላል።

ሁሉንም ግን አይችልም። ፒፋስ በሚባሉት ፍሎሪን አዘል የፋብሪካ ኬሚካሎች ውስጥ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሃይድሮክሲል ራዲካል ብዙም አይደፍረውም። ለእነሱ የነቃ ከሰልና ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይሻላሉ፤ እነዚህ ግን ይሰበስቧቸዋል እንጂ አያፈርሷቸውም።