የካድ ሥዕልና የቅንጣት ሲሙሌሽን ጂኦሜትሪ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ላይ ሁለት ሙያዎች ጎረቤት ናቸው። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ አለ። ትንሽ ከፍ ሲሉ፣ አምስት ኪሎ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ። ሁለቱም ጋ ኮምፒውተር ላይ ቅርጽ ይሠራል። መሐንዲሱ አውቶካድ ወይም ሶሊድወርክስ ይከፍታል፤ እነዚህ ካድ የሚባሉት፣ በኮምፒውተር የምሕንድስና ሥዕል የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። በጨረር ላይ የሚሠራ የፊዚክስ ተማሪ ጂያንት 4 የተባለውን የቅንጣት ሲሙሌሽን ፕሮግራም ይከፍታል። የአንዱ ፋይል ግን እንዳለ ለሌላው አይሆንም።

የቅንጣት ሲሙሌሽን ማለት ጨረር በቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመውን ነገር እርምጃ በእርምጃ በኮምፒውተር መከተል ነው። በየእርምጃው ሦስት ጥያቄ ይነሳል። ቅንጣቱ አሁን የት ነው? ያለበት ቁስ ምንድን ነው? በያዘው አቅጣጫ ቢሄድ ድንበሩ ስንት ይርቃል? በአንድ ሥራ የሚላኩት ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ጂኦሜትሪው ለዓይን ማማሩ አይበቃም። ለጥያቄዎቹ ቶሎ መልስ መስጠት አለበት፤ ለአንድ ነጥብ ደግሞ ሁለት መልስ ሊኖረው አይገባም።

በዚህ መስክ ስሙ የገነነው ጂያንት 4 የተወለደው ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ በሰርን ነው። ቀዳሚው ጂያንት 3 ፎርትራን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁሉንም በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ እንደ አዲስ የመጻፍ ሥራ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው እትም በ1998 መጨረሻ ወጣ። 46 ሜትር ርዝመትና 25 ሜትር ዲያሜትር ያለው የሰርን የቅንጣት መመርመሪያ፣ አትላስ፣ በዚሁ ነው የሚመሰለው። ከሰርን ውጭም የካንሰር ጨረር ሕክምናና የጠፈር ምርምር ይጠቀሙበታል። ፍሉካና ኤምሲኤንፒ የሚባሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም አሉ። ጂያንት 4 ግን በነፃ ስለሚገኝና ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ፣ ለእኛ ተማሪ ይቀርባል ባይ ነኝ። የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን አይፈልግም፤ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የዳታ ፋይሎቹ ጊጋባይት ይበላሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በፍላሽም ይዞራል።

ቅርጽ የሚገነባበት መንገድ ቀላል ነው። ሳጥን፣ ቱቦ፣ ሾጣጣና ሉል አሉ። እነዚህን መደመር፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ ወይም የጋራቸውን ብቻ መውሰድ ይቻላል። መጀመሪያ ቅርጹ ይሠራል። ከዚያ ቁሱ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ነገር ዓለም በሚባል አንድ ትልቅ ቅርጽ ውስጥ ያድራል። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ልጅ፣ ማለትም ውስጥ የተቀመጠው ቅርጽ፣ ከእናቱ ቅርጽ አይወጣም፤ በአንድ እናት ውስጥ ያሉ ወንድማማቾች አይደራረቡም።

ካድ በሌላ መንገድ ያስባል። ለእሱ አንድ ነገር ማለት በፊቶችና በጠርዞች የታጠረ ገጽ ነው። ብሎኑ ከነጥርሱ ይሳላል፤ ፋብሪካው ይፈልገዋልና። ፋይሉ ስቴፕ በሚባለው የካድ ፋይል ዓይነት ሲወጣ ቅርጹ በደንብ ይሄዳል። ጨረሩ የሚያገኘው ቁስ ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደተሠራ ግን ለብቻው መነገር አለበት። ኤስቲኤል በሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ከወጣ ደግሞ የሚተርፈው የሦስት ማዕዘን ክምር ነው፤ ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች እንኳ አይናገርም። ጂያንት 4 ይህን ክምር መቀበል ይችላል። ሆኖም ክቡ ቱቦ ባለ ብዙ ጎን ይሆናል፤ ተገጣጥመው የነበሩ ሁለት ቱቦዎች የሆነ ቦታ ይደራረባሉ፣ የሆነ ቦታ ይከፈታሉ። ሥራውም ይንቀራፈፋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ አገልግሎቱም የተጀመረው ጨረር በሚለቅ የኮባልት ዓይነት፣ በኮባልት 60፣ በሚሠራ ማሽን ነው። ኮባልት 60 የሚለቃቸው ጋማ ጨረሮች 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አላቸው።  አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ማሽን የሚቀመጥበትን ክፍል ልምሰል ቢል፣ ምንጩ ትንሽ ቱቦ ነው። የማሽኑ ራስ እርሳስ ነው። በታካሚው ፈንታ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የውሃ ሳጥን ይቀመጣል። ግድግዳው ኮንክሪት ነው።

ከአርክቴክቱ ፕላን ላይ ምን ይወሰዳል? ሶኬቱና የወለል ንጣፉ ይቅሩ። ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚያልፍ የቧንቧ ቀዳዳ ግን በፍጹም አይዘለልም፤ ጨረር የሚሾልከው በእንዲህ ያለው ነው። ብሎኬትና አርማታ በፕላን ላይ ሁለቱም ሁለት ትይዩ መስመር ሊሆኑ ይችላሉ። ለጨረር ግን በጣም ይለያያሉ። አንዱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሌላው በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.3 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ቁጥር አገባቡም ጣጣ አለው። በጂያንት 4 ኮድ ውስጥ ሳጥን የሚሰጠው በግማሽ ርዝመት ነው። 1 ሜትር ግድግዳ የፈለገ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ይጽፋል። ከፕላኑ ላይ 1 ሜትር ብሎ የገለበጠ ግድግዳው 2 ሜትር ይሆንበታል። የኮባልት ጋማ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ኮንክሪት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የተጨመረው 1 ሜትር ጨረሩን 16 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ያጋምሰዋል። ውጤቱ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ኮሪደር ሰላም ነው ይላል፣ ሳይሆን። ጂዲኤምኤል በሚባለው የጂኦሜትሪ ፋይል ውስጥ ደግሞ ሳጥን የሚጻፈው በሙሉ ርዝመቱ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ዓይኑን ከዚህ ላይ አያንሳ።

አየሩም የራሱ ጉዳይ አለው። ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ የሚመጣበት አየር የባሕር ወለል አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት ሩብ አካባቢ ነው። ለኮንክሪት ግድግዳ ስሌት ይህ ብዙም አያመጣም። በአየር የተሞላ የጨረር መለኪያን ለሚመስል ወይም ሚዮን የሚባሉትን ከጠፈር ጨረር የተነሣ የሚወርዱ ቅንጣቶች ለሚቆጥር ግን ያመጣል። እፍጋቱን በእጅ ማስተካከል የሁለት መስመር ሥራ ነው።

ከካድ ወደ ሲሙሌሽን ለመሻገር ድልድዮች አሉ። ፍሪካድ በነፃ የሚገኝ ካድ ነው፤ ጂዲኤምኤል የሚያነብና የሚጽፍ ተጨማሪ መሣሪያም ተሠርቶለታል። ስቴፑን በፍሪካድ ከፍቶ፣ ብሎኑን አጥፍቶ፣ ትልልቁን አካል በሳጥንና በቱቦ መልሶ መሥራት አድካሚ ነው። ቢሆንም ሙሉውን ሥዕል ወደ ሦስት ማዕዘን ከመፍጨት በብዙ ይሻላል። ካድ ላይ መልመድ ለፊዚክስ ተማሪው ጠቃሚ ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ የአምስት ኪሎ ልጆች ይህን በደንብ ይችሉታል።

ሥራው ሲያልቅ መደራረብ መኖሩ ይፈተሻል። ጂያንት 4 ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ጥፋት ካገኘ የትኛው ቅርጽ በየትኛው ውስጥ በስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ይናገራል። ከዚያ ከውሃው ሳጥን ወደ ግድግዳው ጂያንቲኖ ይላካል። ይህ ከቁስ ጋር የማይነካካ፣ ለፍተሻ ብቻ የተፈጠረ የውሸት ቅንጣት ነው። በየድንበሩ የገባበትን ቅርጽ ስም እያስመዘገበ ያልፋል። ዝርዝሩ ውሃ፣ አየር፣ ኮንክሪት፣ ዓለም ካለ ክፍሉ እንደታሰበው ቆሟል። ከኮንክሪቱ በፊት ሌላ ስም ከመጣ፣ ኮባልቱ ሳይበራ ወደ ሥዕሉ ይመለሳሉ።