«አራቱ ሙሮች» ምንድን ናቸው? ስለ ሳርዲኒያ ሰንደቅ ዓላማ

የጣሊያኗ ደሴት የሳርዲኒያ ሰንደቅ ዓላማ ፎቶ እንደገና መዞር ጀምሯል። ነጭ መደብ፣ ቀይ መስቀል፣ በአራቱም በኩል ግንባራቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰሩ ጥቁር ራሶች፤ «አራቱ ሙሮች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከሥሩ ያው የተለመደው ጽሑፍ አለ፦ «ጣሊያኖች የደበቁት ታሪክ! ደሴቷን ይገዙ የነበሩ ጥቁር ነገሥታት።» አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ተነሥቶ፣ «የለም፣ ዓይናቸው የታሰረ ባሮች ነበሩ፤ ነፃ ሲወጡ ጨርቁ ወደ ግንባራቸው ከፍ አለ» ብሎ አረፈው። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርስ። ምልክቱ ሳርዲኒያ ውስጥ አልተወለደም። የሚታወቀው ጥንታዊ ምስክር የአራጎኑ (ዛሬ ስፔን ውስጥ ያለ የቀድሞ መንግሥት ነው) ንጉሥ የሣልሳዊ ፔድሮ የ1281 ማኅተም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአራጎን ጦር ደሴቷን ሊይዝ የዘመተው በ1323 ነው። ስለዚህ ራሶቹ የሳርዲኒያ ገዢዎች ናቸው ማለት አያስኬድም። ሙር ለአራጎኖች የተሸነፈ ሙስሊም ጠላት ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ1096 አልኮራዝ በተባለ ቦታ ከሙሮች ጋር ሲዋጉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወርዶ ረዳቸው፤ ከድሉ በኋላም የአራት ሙር ነገሥታት ራስ ሜዳው ላይ ተገኘ። ቀዩ መስቀል የጊዮርጊስ ነው። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ወሬ አይደለም፤ ልክ 800 ዓመት ቆይቶ ስለ ዓድዋም ይኸው ተነግሯል። ነገር ግን በ1096 ነገሥታት ጋሻቸው ላይ ቋሚ ዓርማ የማሣል ልማድ ገና አልያዙም ነበር። ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር፦ ማኅተም ቀለም የለውም። እሱን ይዞ ስለ ቆዳ ቀለም መከራከር ከንቱ ነው።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ዓርማ የሚወረሰው በመግለጫው ነው፤ «ቀይ መስቀል፣ አራት የሙር ራስ» ከተባለ በኋላ ቀሪው የሠዓሊው ድርሻ ነው። የጊዮርጊስን ሥዕል አስቡት። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ዘንዶ፣ ዛፍ ላይ የወጣች ብሩታዊት፤ እነዚህ ከሌሉ ጊዮርጊስ አይባልም። የፈረሱ ጌጥ ግን፣ ዘንዶው ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ፣ የዛፉ ቅጠል፣ የሠዓሊው ነው። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይለዋወጣል። የጅራቱን ጥምጥም ቆጥሮ «እዚህ ጋ አብዮት ተነሥቷል» የሚል ሰው አላየሁም። የሳርዲኒያውም ጨርቅ እንዲሁ ነው። በቀደሙት ባለ ቀለም ሥዕሎች ግንባር ላይ ነው። ደሴቷ በ1720 ሳቮይ ወደሚባለው ገዢ ቤተሰብ ካለፈች በኋላ ዓይን ላይ ወርዶ ይታያል፤ ዓርማ የሚያጠኑ ብዙ ሰዎች የገልባጭ ስሕተት ነው ይላሉ። በ1999 የወጣው የክልሉ ሕግ ጨርቁን ግንባር ላይ አደረገው፣ ፊታቸውንም ከምሰሶው በተቃራኒ አዞረው። የነፃነቱ ታሪክ የጎረቤቷ የኮርሲካ ነው፤ እዚያ ባለ አንድ ራሱን ዓርማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውቆ ዓይኑን የገለጠለት የኮርሲካ የነፃነት መሪ ፓስኳሌ ፓኦሊ ነው። አስተያየት ሰጪያችን ሁለቱን ደሴቶች አደባልቋቸዋል።

ምሳሌዬም የሚያዳልጥበት ቦታ አለው። በእኛ ሥዕል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ይህንን ይዞ «በጎን የሣሏቸው ሊያዋርዷቸው ነው» ያለም አለ። በአውሮፓ ዓርማ ግን የንስሩም የአንበሳውም ራስ አብዛኛውን ጊዜ በጎን ነው የሚሣለው። ውርደቱ ካለ ተቆርጦ መታየቱ ላይ ነው።

የዛሬው ትርጉም ሌላ ነገር ነው። ድል አድራጊ ያመጣውን ምልክት ደሴተኞቹ ራሳቸው የሙጥኝ ብለውታል። የጣሊያን ጦር የሳርዲኒያ ክፍል የሆነው የሳሳሪ ብርጌድ ይጠቀምበታል፤ በ1921 የተመሠረተው የሳርዲኒያ የተግባር ፓርቲ ዓርማው አድርጎታል፤ የካሊያሪ እግር ኳስ ክለብ ዓርማ ላይም አለ። ራሶቹ የደሴቷ አራት የቀድሞ መንግሥታት ናቸው የሚለው ፍቺ ግን በኋላ የተለጠፈ ነው።

የእነዚያን የቀድሞ ገዢዎች ምልክት የምር የሚፈልግ ሰው ከአራቱ መንግሥታት አንዷን፣ አርቦሪያን ይመልከት። ከአራቱ መጨረሻ የቀረችው እሷ ናት፤ አራጎንን ለአሥርት ዓመታት ተዋግታለች። ስትዋጋ የያዘችው ምልክት ነጭ መደብ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ አረንጓዴ ዛፍ ነበር፤ አራቱ ሙሮች ከወዲያ፣ ከአራጎን ወገን ነበሩ።