ከዳሌ ወለል ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ የምስል ምርመራ

«ማህፀኔ ወጣ» ብላ ከደምቢያ ወይም ከወገራ ጎንደር ድረስ የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ ሕመሙን ለዓመታት ደብቃው የኖረች ናት። የዳሌ ወለል ማለት ማህፀንን፣ ፊኛንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው የወረደውን አካል ወደ ቦታው ይመልሳል። ሽንት ለሚያመልጣት ደግሞ ከሽንት ቧንቧዋ ሥር ቀጭን ጥብጣብ ይቀመጥላታል።

በደንብ ላገገመች ሴት የምስል ምርመራ አያስፈልግም። የሚታዘዘው ሕመም፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲኖር፣ ሽንት አልወርድ ሲል ወይም እብጠቱ ሲመለስ ነው።

መጀመሪያ የሚታሰበው አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም፣ ዋጋውም ይቀላል። ሴትዮዋ ከሸናች በኋላ ፊኛዋ ውስጥ የቀረው ሽንት ይለካል፤ ከ150 ሚሊ ሊትር ካለፈ ብዙ ሐኪሞች ያሳስባቸዋል። ኩላሊቶቿም አብረው መታየት አለባቸው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ በስፌት ተይዞ ከሆነ ኩላሊቱ ያብጣል፤ አንዳንዴ ያለ ምንም ሕመም ይጎዳል። ይህን ምርመራ መዝለል ትልቅ ጥፋት ነው።

የዳሌ ወለሉን ለማየት መሣሪያው ጓንት ለብሶ፣ ጄል ተቀብቶ ከውጭ ብልት ላይ ይያዛል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ይህን አስቀድሞ መንገር የእናቲቱን ፍርሃት ያቀላል። «እስኪ ያስሉ እናቴ፤ አሁን ደግሞ እንደ ምጥ ይግፉ» ትባላለች፤ የሚወርደው አካል ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሰው ሠራሽ ጥብጣብ ወይም የወረደውን አካል ደግፎ እንዲይዝ የተሰፋ መረብ ካለ እንደ ነጭ መስመር ያበራል። ያው መረብ በራጅም በሲቲ ስካንም አብዛኛውን ጊዜ አይለይም፤ ስለዚህ «ሲቲው ምንም አላሳየም» ማለት መረቡ ደህና ነው ማለት አይደለም። በብልት በኩል የሚገባ የማህፀን መውረድ መረብ በአሜሪካ እንዳይሸጥ የታዘዘው በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀደም ብሎ የገባላቸው ሴቶች ግን ዛሬም ክትትል ይፈልጋሉ።

ሲቲ ስካን ለደም መፍሰስ፣ ለአንጀት መዘጋትና ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠቅማል። መግል የቋጠረ ቦታን ወይም ወደ ወገብ አጥንት የዘለቀ ኢንፌክሽንን ለይቶ በማሳየት ኤምአርአይ ይበልጣል። ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወደ ብልት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ይጠረጠራል፤ ፊኛው በቀለም ተሞልቶ ይፈተሻል፣ ራጅም ይነሣል።

ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀት ማየት አለበት፤ ለእኔ ከማሽኑ እኩል ነው። የሽንት ማምለጥን ለመቀነስ በሽንት ቧንቧ ዙሪያ የተወጋ ማወፈሪያ መድኃኒት፣ ወረቀቱ ከሌለ፣ እንደ ውኃ ቋጠሮ ተነብቦ እናቲቱን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሊዳርጋት ይችላል።