አውጫጭኝ ምንድን ነው?

መንዝ ውስጥ፣ እኔ ባደግሁበት ቀበሌ፣ አንድ ሰው ከቅዳሜ ገበያ ሲመለስ ተገደለ። የዚያን ቀን በሬ ሸጦ ነበር። በማግስቱ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከገደሉ ሥር አገኙት፤ በርኖሱን እንደ ለበሰ ነው፣ የበሬው ዋጋ ግን የለም። ፖሊስ መጣ፤ አስከሬኑ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ታስረው ከርመው ተለቀቁ። ሬዲዮ አላወራውም፣ ጋዜጣ አልጻፈውም። በሰልስቱ ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት አያቴ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ድሮ ቢሆን አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር» አሉ። ከአጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔና እኩዮቼ ግን ቃሉን እንኳ አናውቀውም ነበር።

አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ወንጀሉ ታውቆ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢውን ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚደረግ የምርመራ ሸንጎ ነው። ስሙ «ማውጣጣት» ከምንለው ቃል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በሰው ሆድ ያለውን ጥቂት በጥቂት እየሳቡ ማውጣት ማለት ነው። ለተሰረቀ ከብት፣ ለተቃጠለ ቤትና ለጠፋ ነፍስ ይደረግ ነበር። ከሌባ ሻይ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ሌባ ሻይ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፣ እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ማለት ነበር። አውጫጭኝ ጥንቆላ የለበትም። የሚተማመነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤት ያውቃል።

ሰሜን ሸዋን ለሚያውቅ ይህ እምነት እንግዳ አይሆንበትም። በደጋው ቤቱ ተራርቆ የተሠራ ነው፤ ግን በሌሊት የማን ውሻ እንደ ጮኸ፣ የትኛው በር እንደ ተንኳኳ፣ ማን ሳይነጋ ልብሱን ወንዝ ወርዶ እንዳጠበ ይታወቃል። ድንገት በሬ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው ይታሰባል። የማይታወቅ ነገር ጥቂት ነው፤ የማይነገረው ግን ብዙ ነው። ለዚህም ስም አለን፤ ሆድ ይፍጀው እንላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የተበደለው ወገን ለጭቃ ሹሙ ወይም ለባላባቱ አቤት ይላል። ቀን ይቆረጥና አዋጅ ይነገራል። በተቆረጠው ቀን ሰው ሁሉ ስንቁን ይዞ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱም በላይ ይጠረጠራል። ሰው መሐላ ይገባል፤ እንደ ቦታው ቄስ ያወግዛል፣ እያወቀ የደበቀ በግዝት ይታሰራል። ከዚያ እያንዳንዱ የት እንዳደረ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ሰማ ይጠየቃል። ነገሩ ካልወጣ ሸንጎው ይነሣና በሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ወይም እዚያው ያድራል። ቀኑ የአጨዳ ወይም የውቂያ ወቅት ላይ ከዋለ ገብሱ ማሳ ላይ ሲረግፍ ባለቤቱ ከሜዳው ሆኖ ያየዋል። የምርመራው ጉልበት ከዱላ ይልቅ እዚህ ላይ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዝም ያለ ሰው ዝምታው በየቀኑ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ዋጋውን ደግሞ ጎረቤቱም አብሮት ይከፍላል። ወንጀለኛው ጨርሶ ካልተገኘ ካሳው ለአገሬው ይከፋፈል ነበር። አገሬው እንደ አንድ ሰው ባለዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

አያቴ ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ክፍል ግን «ወፍ» የሚሉት ነበር። ወፍ ማለት ያየውን በአደባባይ ሳይሆን በስውር ለተመረጡት ሽማግሌዎች የሚናገር ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ለሸንጎው «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ፤ ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። ለምን? ደም ስላለ። ገዳይን በስሙ የጠራ ሰው የገዳዩን ወንድሞችና የአጎት ልጆች ሁሉ ባለጋራ ያደርጋል። ፍርድ ቤቱ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል፣ ምስክሩ ግን እዚያው ቀበሌ ከደመኞቹ ጋር አንድ ምንጭ እየቀዳ ይኖራል። አገሬው ይህን ችግር የተረዳው ምስክር ጥበቃ የሚባል ሕግ ከመውጣቱ ብዙ ቀድሞ ነው።

እንዲህ ስላልሁ ናፍቄው አይደለም። ወፏ እውነት እንደምትናገር በምን ይታወቃል? በድንበር የተጣላህ ጎረቤት፣ ብድሩን ያልመለሰልህ ዘመድ፣ ሁሉም በስውር ክንፍ ሊያወጣብህ ይችላል። የተወነጀለው ሰው ከሳሹን አይቶ መጠየቅ አይችልም። መጤው፣ ዘመድ የሌለው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ከማንም በፊት ይጠረጠሩ ነበር፤ ጉልበተኛውን ወፍም ትፈራዋለች። ሹሙም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ከቀሪዎች የሚሰበሰበው ቅጣትና ከሸንጎው ቶሎ ለመውጣት የሚሰጠው መማለጃ አለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለሽማግሌዎቹ ብልሃት ነበር፤ ለተጠርጣሪው ግን ቢላዋ ነው።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአውጫጭኝ ቦታ አልሰጠውም። መርማሪው ፖሊስ፣ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፣ ፈራጁ ዳኛ ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ነጻነቱን እንደማያጣ፣ የተከሰሰም ሰው በፍርድ እስኪረጋገጥ ጥፋተኛ ሆኖ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። መንደርን ሙሉ ሜዳ ላይ አግቶ ማሳደር ከዚህ ጋር አብሮ አይሄድም። ትክክል ነው። ጥያቄው በቦታው ምን ተተካ የሚለው ነው።

የተተካው፣ እኛ ቀበሌ እንዳየሁት፣ አንድ ቁጥር ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 42፣ ንዑስ አንቀጽ 1፣ ፊደል ሀ፣ ዐቃቤ ሕጉ ለማስቀጣት የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ሲያምን ክስ እንደማይመሠርት ይናገራል። በቢሮ ቋንቋ «አያስከስስም» ይባላል። የሟች ዘመዶች ከደብረ ብርሃን ተመልሰው «በ42 ተዘጋ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንደ በሽታ ስም ነው የሚጠሩት። ቃሉ ገዳይ የለም አይልም፣ ተጠርጣሪው ንጹሕ ነው ብሎም አይፈርድም። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የሚናገር ሰው አልተገኘም። በገጠር ግድያ ማስረጃ ማለት ከሞላ ጎደል የሰው አፍ ነው። አስከሬን ብዙ ሰዓት በሰው ትከሻ ተጉዞ፣ ቦታው በለቀስተኛ ተረግጦ፣ ለረጅም ዓመታት የአስከሬን ምርመራ ሲባል ስሙ ወደሚነሣው ወደ አዲስ አበባው ምኒልክ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ሌላው ምልክት ሁሉ ይጠፋል።

ለወፏ የሚሆን ሕግም ወጥቷል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን እስከ መሰወርና መኖሪያን እስከ መቀየር የሚደርስ ጥበቃ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። መሬቱ፣ ከብቱና የአባቱ መቃብር አንድ ቦታ ለሆነ ገበሬ ግን መኖሪያ ቀይር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አዋጁን ያረቀቀው ሰው የገመተ አይመስለኝም።

ጋዜጠኛ ቢመጣስ? በከተማ የተፈጸመ ግድያ ፎቶግራፍ አለው፤ ጎረቤቱ ስልክ አለው፤ የሟች ጓደኛ ይጽፋል። ገበሬ ሲሞት ዜናው በጡሩምባ ነጋሪ ይጀምርና በአርባው ያልቃል። ማንም ሆን ብሎ የደበቀው የለም፤ ከወረዳው ወዲያ ሊያወራው የተነሣ ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። ዜና ደግሞ ራሱ አንድ ዓይነት አውጫጭኝ ነው። ስለ ጉዳዩ በየሳምንቱ ከተጠየቀ መርማሪው መዝገቡን ከመደርደሪያ ያወርደዋል። ካልተጠየቀ ሌላ ጉዳይ ይደረብበታል።

ከዚያ ይርጋው አለ፤ ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በ25 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ከ10 ዓመት በላይ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችለው ደግሞ በ20። ከባድ ግድያ በመጀመሪያው፣ ተራ ግድያ በሁለተኛው ይወድቃል። ይህን ለሟቹ ሚስት ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ «አንተ የተማርህ ነህ» ብለው ስለ ጠየቁኝ።

«የእኛ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ገዳዩ አስቦበት መሆኑና ለገንዘብ መሆኑ ሲታወቅ ነው የሚለየው፣ እትዬ።»

«እሱ ካልታወቀስ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ቀዱልኝና ስለ ልጄ ጠየቁኝ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወጡት በዚያው በገደሉ አፋፍ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ከፊታቸውና ከኋላቸው የሚሄዱትን ሰዎች ሁሉንም በስማቸው ያውቋቸዋል።