ዘንበል ያለ የሕፃን መተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዘንበል ያለ መተኛ የምንለው ጨቅላው ራሱ ከፍ፣ መቀመጫው ዝቅ ብሎ በግማሽ ተቀምጦ የሚያንቀላፋበትን ዕቃ ነው፦ በብረት እግር ላይ የተወጠረ ጨርቅ፣ የሚወዛወዝ ወንበር፣ የመኪና መቀመጫ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ አንዱ ልጅ ሲያድግበት ለሚቀጥለው አራስ ቤት ይተላለፋል። በትራስና በጋቢ ተደግፎ ቤት ውስጥ የሚሠራውም ያው ነው። ቀጥሎ ያለው በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን የሚሆን ነው። ያለጊዜው ለተወለደ ወይም ሐኪም የተለየ አተኛኘት ላዘዘለት የሐኪሙ ቃል ይቀድማል።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ተፈትሾ ነው የሚሸጠው»

ትልቁ ችግር የታየው እዚያው አሜሪካ ነው። የፊሸር ፕራይስ ኩባንያ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የተባለው መተኛ እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ገባ፤ በሚያዝያ 2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚሆነው በሙሉ ከገበያና ከቤት እንዲሰበሰብ ተጠራ። ያኔ የተመዘገበው የሕፃናት ሞት ከ30 በላይ ነበር፤ በጥር 2023 ጥሪው ሲደገም ቁጥሩ 100 አካባቢ ደርሶ ነበር። በ2022 የወጣ ሕግ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በላይ ዘንበል ያለ የሕፃን መተኛ መሥራትንም መሸጥንም ከለከለ። እንዲሰበሰብ የተጠራ ዕቃ ግን ከምድር አይጠፋም። ርካሽ ሆኖ ወይም በስጦታ መልክ ሌላ አገር ይገባል፤ የተቀበለው ሰው ጥሪውን የሰማበት ምክንያት የለም።

«በጀርባው ጠፍጣፋ ላይ ከተኛ ትን ብሎት ይሞታል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ አያቶችም፣ አንዳንድ የሠለጠኑ ሰዎችም ይሉታል። የሰውነት አሠራር ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥሩ ነው። ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆዱ ሲተኛ ቦታቸው ይገለበጥና የተመለሰው ወተት አየር ቧንቧው አፍ ላይ ይጠራቀማል።

ራሱን ከፍ ማድረግስ? ማቅረሸትን አይቀንስም። እንዲያውም ጎብጦ ሲቀመጥ ሆዱ ስለሚታጠፍና ስለሚጨመቅ ሊብስበት ይችላል። ከፍራሹ ሥር ትራስ ማስገባትም ሕፃኑን ወደ ታች ከማንሸራተት ሌላ ጥቅም የለውም። የሚረዳው ሌላ ነው፦ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ጡት ሲቀየር ማስገሳት፣ ከጠባ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ትከሻ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በጀርባው ጠፍጣፋ ቦታ ማስተኛት። የያዘው ሰው ንቁ ይሁን፤ ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ እንቅልፍ መውሰድ ከሁሉ የከፋው ነው። ትውኪያው አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ በኃይል እየተፈናጠረ ከወጣ ወይም ኪሎ አልጨምር ካለ ጉዳዩ የአተኛኘት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

«እዚያ ላይ ሲሆን ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ደግሞም ዓይኔ ሥር ነው»

የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም። ቦታው ሲዘነብል ሰውነቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ራሱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ አገጩ ደረቱን ይነካል። ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይሰፋው የአየር ቧንቧ በዚህ ብቻ ይታጠፋል። ድምፅ አይሰማም፤ ለማልቀስ አየር ያስፈልጋላ! ከውጭ የሚያየው ሰው የሚያየው የተኛ ልጅ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤትና ሳሎን መመላለስ ጥበቃ አይሆንም።

ሌላም አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የተሠራ ጥናት ዘንበል ያለ ቦታ ሕፃናት በሆዳቸው እንዲገለበጡ እንደሚያቀልና፣ ከተገለበጡ በኋላ የሆድ ጡንቻቸው ቶሎ እንደሚደክም አሳይቷል። ለዚህ ነው «ገና መገልበጥ አልጀመረም» የሚለው ማረጋገጫ የማይሆነው።

ዲግሪውን በሜትር መለካት ይቻላል። ጨርቅ በክብደት ስለሚረግብ መጀመሪያ 4 ኪሎ ያህል ዱቄት በከረጢት አድርጋችሁ አስቀምጡበት። ከመቀመጫው እስከ ራስጌው ያለውን ርዝመት ለኩ፤ ቀጥሎ ራስጌው ከመቀመጫው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚበልጥ ከወለል እየለካችሁ አነጻጽሩ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ልዩነቱ ከ10 ተኩል ካለፈ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ 30 ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ሁሉ ደግሞ ለእንቅልፍ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ፍራሹ የሚሰምጥ፣ ጎኑም ለስላሳ ከሆነ አይሆንም።

«ቀበቶውን ካሰርኩት ችግር የለም»

ቀበቶ ወገቡን ይይዛል፤ ራሱን አይይዝም። ላልቶ ከታሰረ ደግሞ ሕፃኑ ሲንሸራተት ቀበቶው አንገቱ ላይ ሊውል ይችላል።

«አንቀልባ ላይም እኮ ቀና ብሎ ነው የሚተኛው»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ የተሸከመችው ሰው ነቅታ፣ እየተንቀሳቀሰች፣ ትንፋሹ እየተሰማት መሆኑ ነው። አንገቱ ገና ላልጠና ሕፃን ከጀርባ ይልቅ ደረት ላይ መታቀፍ ይሻላል፦ ፊቱ ይታይ፣ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፣ ነጠላው አፍና አፍንጫውን አይሸፍን። ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና ስትወጡም እንዲሁ። በመኪና መቀመጫ የታሰረ ሕፃን መንገድ ላይ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ እንደደረሳችሁ ግን አውጥታችሁ አስተኙት፣ ከነመቀመጫው ቤት አታስገቡት።

«የደሴ ብርድ ጠፍጣፋ ላይ አያስተኛም»

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በደሴ ልብስ እዚያ የተኛ ሕፃን በላብ ይጠመቃል። መለኪያው እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ መጨመር ነው። እጅና እግሩ ቀዝቃዛ መሆኑ አያሳስብ፤ ማጅራቱን ዳስሱ፣ ሞቆ ደረቅ ከሆነ በቂ ነው፣ ካላበው አንዱን አውልቁለት።

ልቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። በእሱ ፈንታ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሰፋላችኋል፦ ኮፍያ አይኑረው፣ የአንገቱ ቀዳዳ ራሱን ወደ ውስጥ የማያስገባ ይሁን፣ ታችኛው ጫፍ ይዘጋ፣ ከእግሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፣ ዳሌው አካባቢ ሰፋ ይበል። የከሰል ማንደጃ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ለእናትየውም ነው።

«ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል»

ሊሆን ይችላል፤ ነቅቶ ሳለ በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በሆዱ ማጫወትና ራስጌውን ማቀያየር ያስተካክለዋል።

«የሕፃን አልጋ የለንም፤ ሌላ ምን ምርጫ አለ?»

አልጋ ግድ አይደለም። ከእናቱ አልጋ አጠገብ ንጹሕ ምንጣፍ ላይ የተዘረጋ ጠንካራ ስፖንጅ ይበቃል። በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ እጃችሁ ሲነሳ ጉድጓድ ካስቀረ ለስላሳ ነው። አንሶላው ይወጠር፤ ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ የተጠቀለለ ፎጣ አይኑር። የእንጨት አልጋ የምታሠሩ ከሆነ በርብራቦቹ መካከል ከ6 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት አይኑር፣ በፍራሹና በጎኑ መካከል ሁለት ጣት እንዳይገባ። ቢያንስ ለስድስት ወር በእናትና አባቱ ክፍል ይተኛ። አንድ አልጋ ላይ አብሮ መተኛት ከአራት ወር በታች ላለ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ለተወለደ ሕፃን አደጋው ይጨምራል፤ ወላጅ ካጨሰ ወይም ከጠጣ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግ።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ቀለም ከተለወጠ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ሁለት ወር ያልሞላው ሆኖ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳይነጋ ሆስፒታል ይደረስ።

ከመኪና መቀመጫው በቀር ቤት ያለውን ዘንበል ያለ መተኛ ለሚቀጥለው አራስ አትስጡ፤ እንዳለም ለቁራሌው አትሽጡ፣ ታጥቦ ተመልሶ ይሸጣልና። ጨርቁን በመቀስ ቆራርጡ፣ ቀበቶውን በጥሱ፣ ብረቱን ብቻ ስጡት።